ጫማ የሚወለቅበት ግድብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሦስት ነገር አስረከብኩ፦ የማጣሪያውን ቁልፍ፣ የኩሬዎቹን መዝገብና ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት አንድ ረጅም ዘንግ። ተረካቢዋ ሂቦ ትባላለች፤ ተምራ የመጣች ወጣት መሐንዲስ ነች፤ ሥራውን ለማየት ጥቂት ቀን አብራን ሰንብታለች። ቁልፉን ተቀበለች፣ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ ዘንጉን ግን አገላብጣ አየችውና ሳቀች። የዝቃጭ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ በቦርሳዋ ይዛ ነው የመጣችው።

«አይዞዎት አዴር ሙክታር፣ ዘንግዎን አልጥለውም» አለችኝ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

ከዚያ ግድቡን አብረን ዞርን። የአንደኛው ኩሬ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ስንደርስ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። ያቺን ሃምሳ እርምጃ የምታህል ቦታ በባዶ እግሬ አለፍኩና መልሼ አጠለቅኩ።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ጫማዎን የሚያወልቁት ለምንድን ነው? ሠራተኞቹም ያወልቃሉ። ጠይቄያቸው ነበር፤ አዴር ሙክታርን ጠይቂ አሉኝ።»

«የሽማግሌ ልማድ ነው ባክሽ፤ እግሬ አየር ይፈልጋል» አልኳት።

አመነችኝ። እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ውሸቴ ግን ገና ሥራ ላይ ነበረች።

የድሬ ልጅ ነኝ። የድሬዳዋ ሰው ነገር አያሽሞነሙንም፣ የሆዱን ይናገራል ይባላል። አቦ፣ ይባላል እንጂ! ሙያዬን የተማርኩት እዚያው ድሬ፣ አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚያጣራበት ኩሬ ላይ ነው። እናቴ አላህ ይዘንላትና ለጎረቤት «ልጄ የውኃ ሥራ ነው የያዘው» ትል ነበር። ምን ዓይነት ውኃ እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልነገረችም። ግማሽ እውነት መናገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤታችን የተለመደ ነበር ማለት ነው።

ሐርጌሳ የመጣሁት ከጦርነቱ በኋላ፣ ከተማዋ ገና ጣራዋን እየመለሰች ሳለ ነው። የኩሬ ሥራ የሚያውቅና ሶማልኛ የሚናገር ሰው ይፈለጋል ሲሉኝ፣ በጅግጅጋ በኩል በጫት መኪና ላይ ተሳፍሬ ገባሁ። ጅግጅጋ ያር በሚባል የሐርጌሳ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጣራው አዲስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግን የጦርነቱ ጊዜ የተቃጠለው ግድግዳ ነው። ኖራ ቀብተውታል። ሰማዩ ሲዳምን ግን ጥቁሩ ጥላሸት በኖራው ሥር ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፤ ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ ይጠፋል። አከራዬን ብጠይቃቸው «ቤቱ ያስታውሳል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ሳቅኩ። ያኔ እስቅ ነበር።

ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ብዙ አላወራም፤ ደመወዙ ሲመጣ ይመጣ ነበር፣ ወረቀቱ ግን ቀርቶ አያውቅም። ስለ ወንዙ ልንገራችሁ። ማሮዲ ጄሕ ይባላል፤ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ወንዝ ስላችሁ ውኃ እንዳይመስላችሁ። በዓመት ጥቂት ቀን ዝናቡ ሲመጣ እያገሳ ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል፤ በቀረው ጊዜ አሸዋ ነው። ውኃው ከአሸዋው በታች ይሄዳል። ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው ይምሳሉ፣ ውኃው ሲመጣ በጣሳ ይቀዳሉ፣ የአህያ ጋሪ ደግሞ እየጫነ በየሰፈሩ ያደርሳል።

እንግዲህ ያኔ የየቤቱ መፀዳጃ ጉድጓድ እየሞላ ነበር። ቦቴዎች እየመጠጡ ያወጡታል፤ የት ይደፉታል? እዚያው አሸዋ ላይ! ጠዋት ከላይ የተደፋውን ማታ ከታች ይጠጡታል። ልጅ የማያመው ቤት አልነበረም። ለዚህ ነው ከከተማው በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስት ኩሬ ቆፍሩ የተባልነው። የመጀመሪያው ኩሬ ዝቃጩ የሚረጋበት ነው፣ ሁለተኛው ፀሐይ የሚያበስለው፣ ከሦስተኛው የጠራው ይወጣል። በሦስቱም ዙሪያ ግድብ አለ፤ ግድቡ ከሸክላ አፈር ይሠራል፤ ግድቡ ውኃ ካሰረገ ከታች ያሉት የአሸዋ ጉድጓዶች ተበከሉ ማለት ነው።

አለቃዬ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ጥሩ ሰው፣ ጥድፊያ ብቻ። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አው ጃማ ናቸው፤ አው ለሽማግሌ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከጦርነቱ በፊት የከተማው ውኃ ሠራተኛ ነበሩ። ቢሮው ሲቃጠል የቧንቧዎቹ ካርታ አብሮ ተቃጠለ፤ እሳቸው ግን ካርታውን በጭንቅላታቸው ይዘው ከስደት ተመለሱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ከእጃቸው የማይለይ ከቁመታቸው የሚበልጥ ፌሮ ብረት ነበራቸው።

የአው ጃማን ፌሮ በደንብ ልንገራችሁ፤ ሙያው እዚያ ላይ ነውና። ከመቆፈራችን በፊት ብረቱን መሬት ውስጥ እየወዘወዙ ይሰድዱታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጫፉ ላይ ያስደግፋሉ። «ጠንካራ መሬት ይቆጣል» ይሉኛል፤ «እርጥብ አሸዋ ያጉረመርማል። ሰው ነክቶ የመለሰው አፈር ደግሞ ዝም ይላል። ዝምታውን ፍራ።» እኔም ጆሮዬን ጠጋ አደርጋለሁ። እውነት ነው ወላሂ! ከዚያ ደረቅ አሸዋ ሥር የሆነ ነገር በቀስታ ሲሄድ ይሰማል። ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ከእግርህ ሥር የማታየው ውኃ ሲራመድ መስማት ጀርባ ያቀዘቅዛል።

ከዚያ ብረቱን መዘው ጫፉን ያሸቱታል። ቀጥለው መሬቱን ሰላም ይላሉ። ሙስሊም መቃብር ሲገባ የሚለውን ሰላምታ፣ ሜዳ ላይ፣ ምንም በሌለበት። መጀመሪያ ቀን «አው ጃማ፣ እዚህ እኮ መቃብር የለም» አልኳቸው።

«ዋርያ፣ በዚህ ከተማ ሙት ያለው መቃብር ቦታ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን ወታደሮች በመኪና እየጫኑ ወደዚህ ወንዝ ያወረዷቸው ሰዎች ነበሩ። የት እንዳደረጓቸው የሚያውቅ የለም። አንተ ሰላም በል። ማንም ከሌለ የከሰርከው ቃል ብቻ ነው፤ ካለ ግን በሩን ሳታንኳኳ አልገባህም።»

እኔም በበኩሌ ነጭ ጨርቄን አስተማርኳቸው። ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ ጨርቅ ትጠቀልላለህ፣ ኩሬው ውስጥ ቀጥ አድርገህ ታወርደዋለህ፣ ጥቂት ቆይተህ ቀስ ብለህ ታወጣዋለህ። ዝቃጩ የደረሰበት ድረስ ጨርቁ ይጠቁራል፤ ጥልቀቱ ያ ነው። አው ጃማ ሳቁብኝ፤ «የሐበሻ ብልሃት! ነጭ ጨርቅ እኛ ዘንድ ለሌላ ነገር ነው» አሉ። ለከፈን ማለታቸው ነው።

ሦስተኛዋ ሰው ኤዶ ሰህራ ናቸው። ኤዶ አክስት ማለት ነው። ለሾፌሮቹና ለእኛ ሻይ ይሸጡ ነበር፤ ከግድቡ አጠገብ ላስቲክ ዘርግተው፣ ሁለት ፔርሙስና አንድ ትሪ ብርጭቆ ይዘው። ኢትዮጵያ ድንበር ላይ በስደተኛ ካምፕ ስለኖሩ አማርኛ ይሞክራሉ። ሻይ የሚሸጥበት ስንት የተሻለ ቦታ እያለ ያንን ሽታ መርጠው የተቀመጡት ግን ለሻይ ብለው አልነበረም። ልጃቸው ሊባን በጦርነቱ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። መኪናው ወደ ወንዙ ሲወርድ ያየ ሰው ነገራቸው። የሚቆፈር መሬት ሲሰሙ ትሪያቸውን ይዘው መጡ።

በየማለዳው፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲሰጡኝ፣ በአማርኛቸው «ዛሬ መሬቱ ምን ሰጠ?» ይሉኛል።

«ምንም፣ ኤዶ።»

«ኸይር። ነገ ይሰጣል።»

በተወሰደበት ዕለት ጠዋት የሊባን ሰንደል ማሰሪያው ተበጥሶ ነበር አሉኝ። ክር በቤት አልነበረም። ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ የመዳብ ሽቦ አውጥተው ራሳቸው ሰፉለት፤ ሰባት ስፌት። «ሽቦ አይበሰብስም» ይሉኝ ነበር። «እሱን አይቼ አውቀዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አውቄ ልቅበረው ብቻ።»

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አው ጃማን ወባ ጣላቸውና ዘመድ እንዲያስታምማቸው ወደ በርበራ ወሰዷቸው። የአንደኛው ኩሬ ግድብ ከሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን በቀር አልቋል፤ ቦቴዎቹ ግን ሳንጨርስ መድፋት ጀምረዋል። ደመናው በየከሰዓቱ ይሰበሰባል። ፈረንጁ አለቃዬ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይዘጋ ብሎ ነፍሴን አወጣው። የቁፋሮ ማሽኑን የሚነዳው ወርሰሜ የሚባል የከተማው ልጅ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ እጁ ለስለስ ያለ ኦፕሬተር። የግድቡን መሠረት እንድንቆፍር አዘዝኩት። ፌሮውን አልሰደድኩም። ሰላም አላልኩም። የሚቆጣጠሩኝ አው ጃማ የሉማ!

ቀትር ነበር፤ ሌሎቹ ለሶላት ሄደዋል፣ የኤዶ ሰህራ ላስቲክ ደግሞ በአፈር ክምር ተከልሏል። የማሽኑ አካፋ ተነሣ፤ ከአፈሩ ጋር ጨርቅ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ አጥንት። ቀጥሎ የተቋጠረ ገመድ። ወርሰሜ ሞተሩን አጠፋ። ግድቡ ላይ ይርመሰመሱ የነበሩት ትላልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ አንገታቸውን ቀብረው ቆሙ። ከአካፋው ጥርስ ላይ አንድ ነገር ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ሰንደል ነው። አነሣሁት። ማሰሪያው ላይ መዳብ ሽቦ አለ።

አውቄዋለሁ! አላወቅኩም ብል አላህ ይፍረድብኝ። ስፌቱን አልቆጠርኩም፤ መቁጠር አያስፈልገኝም ነበር።

«ሽማግሌዎቹን እንጥራ» አለ ወርሰሜ።

ሽማግሌዎቹ ከመጡ ሥራው ይቆማል። ሥራው ከቆመ ዝናቡ ይቀድመናል። ዝናቡ ከቀደመ ግማሽ ኩሬ ፍሳሽ ወደ አሸዋ ጉድጓዶቹ ይገባል፤ ልጆች ይታመማሉ። ይህንን ነው ለራሴ የነገርኩት። ጥሩ ምክንያት ነው፤ ጥሩ ምክንያት ደግሞ ለመጥፎ ሥራ ሁሌም አይጠፋም። እውነቱን ግን ዛሬ ልናገር፦ አለቃዬ «ጎበዝ ሙክታር» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው። ለዚህች ነው።

«ሸፍነው» አልኩ።

ወርሰሜ ከማሽኑ ወረደ። «አንተ እንግዳ ነህ፤ ትሄዳለህ። እኔ የምቀበረው እዚህ ነው» አለኝና እጁን በሱሪው ጠርጎ በወንዙ አሸዋ ላይ እየተራመደ ሄደ። ሳይዞር ሄደ። ዳግመኛ ወደ ሥራ ቦታችን አልመጣም፤ ለማንም እንዳልተናገረ በኋላ ሰማሁ። ማሽኑ ላይ ወጣሁ። መንዳት እምብዛም አልችልም። አፈሩን ከነያዘው ገፋሁት፣ ከሸክላው ጋር ለወስኩት፣ ግድቡ ላይ ከመርኩት፣ በላዩ ተመላለስኩበት። ሰንደሏን ግን መቅበር አቃተኝ። መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጭ ጨርቆቹ ሥር ሸጎጥኳት።

ወደ ላስቲኩ ስሄድ ኤዶ ሰህራ ብርጭቆዬን ሞልተው ጠበቁኝ፤ ከንፈሯ ሸረፍ ያለች፣ የእኔ የምትባል ብርጭቆ ነበረች።

«ሞተሩ ጠፋ፤ ምነው? መሬቱ ምን ሰጠ?»

«ምንም፣ ኤዶ።»

የእጄን ጥፍሮች አዩ፤ ቀይ አፈር ሞልቷቸዋል። «ደክመሃል፤ ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ።

ዝናቡ የመጣው በአሥረኛው ቀን ነው። አሥር ቀን! ሽማግሌዎቹን ጠርቶ፣ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ሰግዶ፣ ቀብሮ፣ ሥራውንም ለመጨረስ የሚበቃ ቀን ነበር። ጎርፉ አልፎ ግድቡ ሳይነቃነቅ ሲቀር አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ ሙክታር» አለኝ።

ከዚያ ኩሬው ይጠባበቀኝ ጀመር፤ ሌላ ቃል የለኝም። የመጀመሪያው ኩሬ ሲሞላ ፊቱ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል፤ ወጉ ነው። ቅርፊቱ ሁሉንም ሸፈነው፣ ያንን ማዕዘን ሲቀር። እዚያ ጋ ክብ ጥቁር ውኃ ሳይሸፈን ቀረ። በዘንግ እየገፋሁ ቅርፊቱን አመጣሁበት፤ ጠዋት ስመጣ ተገፍቶ ሄዷል። አባ ኮዳዎቹ በግድቡ ዙሪያ ሁሉ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ያቺን ሃምሳ እርምጃ ግን ትተው ነው የሚሰለፉት። አንድም ቀን አንድም ወፍ አልቆመባትም። ከጥቁሩ ውኃ ደግሞ አረፋ ይወጣል። በአራት ቦታ፣ ተራ በተራ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል።

ነጭ ጨርቄን አወረድኩ። ንጹሕ ወጣ። አላህ ያሳያችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሃል ጨርቁ ታጥቦ እንደተሰጣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ! ደግሜ አወረድኩ፤ ንጹሕ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሙያዬ ነው። በፍርሃት የገፋሁት አፈር ስላልጠበቀ ከወንዙ ሥር ያለው ውኃ በዚያ በኩል ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለሚገፋ ዝቃጭ አይረጋበትም፣ ቅርፊትም አይዝበትም። የወንዙ ውኃ ዝቅ ያለ ዕለት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍሳሹ በዚያው ቀዳዳ ወደ ጉድጓዶቹ ይወርዳል። ልጆቹን አተርፋለሁ ብዬ የሠራሁት ግድብ ልጆቹን ሊገድል ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ምክንያቱን ማወቅ ግን ጉልበትን አያጸናም። በየማለዳው ያቺን ብርጭቆ እቀበላለሁ፤ በየማለዳው «ምንም» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይኸው ነው።

ከአንድ ወር በላይ ቆይተው አው ጃማ ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ግድቡን እየዞሩ ፌሮውን ሰደዱ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ሲነሡ ፊታቸው ተለውጧል።

«ይህንን የዘጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰላም ብለህ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ ጨርቄን ከዘንጉ ላይ መፍታት ጀመርኩ። እሳቸውም አልደገሙም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሦስተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከአሸዋው ሳይነሣ፣ ወደ ማዕዘኑ ሄድኩ። ግድቡ ላይ ሰንደሏ ተቀምጣለች። ንጹሕ ነች፤ ውኃ ይንጠባጠብባታል። አፍንጫዋ ወደ ቂብላ፣ ወደ ሶላት አቅጣጫ፣ ዞሯል። የመዳቡ ሽቦ ያበራል።

ሮጬ ሳጥኔን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ተመለስኩ፤ ግድቡ ላይ ተቀመጥኩ። ከኩሬው ወጥታ ነው የመጣችው አልኩ። በአላህ ስም፣ ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር። አረፋው ከኋላዬ ብቅ ብቅ ይላል። ቁርኣን እየቀራ ያለ ሰው ድምፅ ሰማሁ ብዬ መማል እችል ነበር። በእርግጥም የሚቀራ ሰው ነበር፤ ከጭጋጉ ውስጥ አው ጃማ ወጡ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት» አሉ። «ነጭ ጨርቅ ፍለጋ ሳጥንህን ከፍቼ አገኘኋት። አጠብኳት። ራስህ ትናገራለህ ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩህ።»

«አው ጃማ፣ ምን ላድርግ?»

«እሷ ራሷ ወደ እናቱ መሄድ አትችልም። ጫማ ብቻዋን አትራመድም፤ እግር ያለህ አንተ ነህ።»

ከማዕዘኑ እስከ ኤዶ ሰህራ ላስቲክ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሰንደሏን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። ሻይ እየቀዱ ነበር። ፔርሙሱን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ፣ ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሰባት። አልጮሁም። ጮኸው ቢሆን ምንኛ በወደድኩ!

«መቼ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ገመዱን፣ ማሽኑን፣ ማወቄን።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሻዬን ጠጣህ» አሉ።

ከንፈሯ የተሸረፈችውን ብርጭቆ አነሡ፤ በውስጧ ያለውን አሸዋው ላይ ደፉት። አፏን ቁልቁል አድርገው ትሪው ላይ አስቀመጧት።

የኩሬውን ፍሳሽ ወደ ሁለተኛው ኩሬ ገለበጥን። ዝቃጩ በፀሐይ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ጠበቅን። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በማሽን አይነካም አሉ፤ በእጅ ቆፈርን። አሮጌው የመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሰዎች እንደተኙ ተገኙ። አራተኛው ማሽኑ ያገኘው ነው፤ እኔ የገፋሁት። ከእሱ ጥቂት ብቻ አገኘን፤ የቀረው ከሸክላው ጋር ተለውሶ በግድቡ ውስጥ ነው። አው ጃማ የኩሬ መለኪያ ብለን የገዛነውን ነጭ ጨርቅ ጥቅል አመጡና ቀደዱት። ኮረብታው ላይ ቀበርናቸው።

ግድቡን ሁሉ እናፍርሰው ወይ ተባለ። ቢፈርስ የሚቀጥለው ዝናብ ጉድጓዶቹን ይበክላል። ሁሉም ወደ ኤዶ ሰህራ ዞረ።

«አይፈርስም» አሉ። «ልጄ ለሰው ልጅ ውኃ ይጠብቃል። መቃብሩ ነው፤ በጫማ ግን ማንም አይርገጠው።»

ፈረንጁ አለቃዬ በዚያው ሳምንት ሊያባርረኝ ወሰነ፤ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ ልክ ነበር። ኤዶ ሰህራ ይህንንም አልፈቀዱም። ሽማግሌዎቹ ፊት በጣታቸው አመለከቱኝ፦

«ይሄ አይሄድም። የሸፈነው ይጠብቀው። በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፣ በየቀኑ ይመልስልኛል።»

አቦ፣ ከእስር የባሰ ፍርድ! ቀዳዳውን በሸክላ ጠቀጠቅነው፤ ሸክላውን አው ጃማ በጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ ፈተኑት፤ የተሰነጠቀውን ጣሉ፣ ያልተሰነጠቀውን ተቀበሉ። ኩሬውን መልሰን ስንሞላው ቅርፊቱ ማዕዘኑን ሸፈነው። ነጭ ጨርቁም ጠቁሮ ወጣ። በጥቁር ጨርቅ ደስ ያለው ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። አባ ኮዳዎቹ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ አይቆሙም። ለዚህ ሙያዬ ምክንያት አልሰጠኝም።

አው ጃማ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆነ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ፤ ሌላ ኩሬ ተጨመረ፤ ከተማዋ አድጋ ወደ እኛ ተጠጋች። እኔ በየማለዳው ጫማዬን አውልቄ ሰላም እላለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ግድቡን አያለሁ። ዝናብ ሲያጥበው መሬቱ ይሰጣል፤ አንዴ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዴ ጥርስ፣ አንዴ የጣት አጥንት። የሰጠውን ሁሉ ለኤዶ ሰህራ አደርሳለሁ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ኮረብታው ላይ ይጨምሩታል። ከዚያ ወዲህ «ምንም» ያልኩባቸው ቀናት ሁሉ እውነት ነበሩ። ሻይ ግን ለእኔ አልቀዱም። ሲያረጁ ኮድቡር ሰፈር የእህታቸው ልጅ ቤት ገቡ፤ እኔም በየቀኑ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ እዚያ መሄድ ያዝኩ። ትሪው መስኮቱ ሥር ነው፤ ብርጭቆዋ አፏን ቁልቁል እንደደፋች ትሪው ላይ ነች።

ቁልፉን ለሂቦ ያስረከብኩ ዕለትም ሄድኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በእርምጃዬ ያውቁኛል።

«ዛሬ መሬቱ ምን ሰጠ?»

«ምንም፣ ኤዶ። ዛሬ ሥራ ጨረስኩ። ጡረታ ወጣሁ።»

ከዚያ እጃቸው ትሪው ላይ ዳበሰ። ብርጭቆዋን አገኘ። ከንፈሯን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ሸረፏን አገኙ፣ ቀና አድርገው አስቀመጧት። ፔርሙሱን አንሥተው ቀዱ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። አለቀስኩ። ሽማግሌ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እጄን ስዘረጋ ግን እጃቸውን ብርጭቆው ላይ ከደኑት።

«አዲሷ ልጅ አለች አሉ። ነገርካት?»

ውሸት አፌ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። «አልነገርኳትም። የሽማግሌ ልማድ ነው አልኳት።»

«ሂድና ንገራት» አሉ። «ሻዩ ይጠብቅሃል።»

ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ሂቦ በር ልትቆልፍ ስትል ደረስኩ። ኩሬው ዳር ቆመን፣ ለእናንተ የነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ አለቃዬ «ጎበዝ» እንዲለኝ ብዬ መሆኑን ሳይቀር። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ማዕዘኑ ድረስ ሄደች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሰላም እያለች ነበር። ግድቡን ወዲህና ወዲያ አይታ ተመለሰች።

በዚያ ሁሉ ዘመን ጠይቄው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኳት። «መሬቱ ምን ሰጠ?»

«ዛሬ ምንም፣ አዴር» አለች። «ነገም አያለሁ።»

ኮድቡር ስደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ኤዶ ሰህራ እጃቸውን ከብርጭቆዋ ላይ አላነሡም ነበር፤ እርምጃዬን ሲሰሙ አነሡት። ሻዩ በርዷል። አንጠፍጥፌ ጠጣሁት።